መንገድ አይሠራበት

የዚህ ሳምንት ንዴቴ በቴሌግራም ነው የመጣው። አንድ የሲያትል ልጃችን በኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ጠረፍ፣ ሪያልቶ ቢች ላይ ቆሞ «ማንም የማያውቀው ቦታ» እያለ ያስጎበኘናል። ከጀርባው የመኪና ማቆሚያው ጢም ብሎ ሞልቷል። ይህን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወጣት ነው፣ ተመልካች መሰብሰብ አለበት። ደሜን ያፈላው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋት ነገር ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ያለው ጠረፍ የበለጠ ያምራል ይባላል፣ ግን መኪና አይገባም፤ ይህን የሚያህል ሀብታም አገር እንዴት ትንሽ አስፋልት ያቅተዋል? አለና ቪዲዮውን ዘጋ።

አላቃተውም፣ ወንድሜ። ሊሠራ ታስቦ ነው ያስቀሩት።

ከመንገድ ጋር ያለኝን ጸብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። ስለ ስሜን ተራሮች፣ ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ በጭላዳዎቹ መሀል ስለሚቦንነው የጭነት መኪና አቧራ የጻፍሁ ጊዜ «አሜሪካ ተቀምጠህ የገበሬውን መንገድ ትቃወማለህ?» ያላችሁኝን አልረሳሁም። ለወላድ፣ ለእህልና ለገበያ የሚሆን መንገድ ይሠራ፤ ማን ከለከለ? እኔ የምጠላው አንድ ቦታ ስላማረ ብቻ የሚሠራለትን መንገድ ነው።

የኦሊምፒኩ ታሪክ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ፓርኩ በ1938 ሲቋቋም ተራራና ደን ነበር፤ የባሕሩ ጠረፍ የተጨመረለት በ1953 ነው። ብዙም ሳይቆይ ጠረፉን ታክኮ የሚሄድ የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ መጣ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ታዲያ በኦገስት 1958 ሰባ ያህል ሰው አስከትለው ከኬፕ አላቫ እስከ ሪያልቶ ቢች 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጓዙ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ሲደርሱም አንድ የመንገዱ ደጋፊ፣ ወፍ ተመልካቾች ወደየቤታችሁ የሚል ጽሑፍ ይዞ ጠበቃቸው። መንገዱ ግን አልተሠራም። ልጃችን «አስፋልት ያቅተዋል?» ብሎ የጠየቀው እንግዲህ ዳኛው ጉዟቸውን በጨረሱበት ጠጠር ላይ ቆሞ ነው።

የዋሽንግተን ዲሲ አንባቢዎቼ ደግሞ የእኚህ ዳኛ ባለዕዳዎች ናችሁ። ከጆርጅታውን ተነሥቶ ፖቶማክን ይዞ የሚሄደው፣ ቅዳሜ ልጆቻችሁን በብስክሌት የምታንሸራሽሩበት የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር መንገድ የመኪና ጎዳና ሊሆን ነበር። በ1954 ዋሽንግተን ፖስት ሐሳቡን ደግፎ ሲጽፍ፣ ዳግላስ «ኑ አብረን እንሂድበት፣ አይታችሁ ፍረዱ» በሚል መንፈስ አዘጋጆቹን ጋበዟቸው። ርቀቱ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከተነሡት 58 ሰዎች ሙሉውን በእግር የጨረሱት 9 ብቻ ናቸው፤ አዘጋጆቹ ከዘጠኙ ውስጥ የሉም፣ ሐሳባቸውን ግን ቀየሩ። ዛሬ ዳኛ ቀርቶ የቀበሌ ሹም እንዲህ ያለ ግብዣ ሲጠራ አላየሁም።

ወደ ኬፕ አላቫ ልመለስ። ከሲያትል በመርከብ ተሻግራችሁ፣ በጠቅላላው ከአራት ሰዓት በላይ ተጉዛችሁ ኦዜት ሐይቅ ትደርሳላችሁ። መኪናው እዚያ ይቆማል። በደንና በረግረግ መሀል የሴዳር ሳንቃ የተነጠፈበትን መንገድ ይዛችሁ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ባሕሩ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይመጣል። አላስካንና ሃዋይን ትተን የአሜሪካ የምዕራብ ጫፍ ይህ ነው። ከዚያ ባሕሩን በቀኝ አድርጋችሁ በጠረፉ ሌላ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ከሳንድ ፖይንት ደግሞ በሌላ የሳንቃ መንገድ ወደ ሐይቁ፤ ዙሩ በሦስት ማዕዘን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሳንቃው ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ጫማችሁን ምረጡ። መሀል ላይ ዌዲንግ ሮክስ በሚባሉት ቋጥኞች ላይ የአካባቢው ነባር ተወላጅ የሆነው የማካ ሕዝብ አባቶች የፈለፈሏቸው ዓሣ ነባሪዎችና የሰው ፊቶች አሉ። ጎንበስ ብሎ የማይፈልግ ሰው ሳያያቸው ያልፋል።

አንድ የታክሲ ሾፌር ወዳጅ አለኝ፤ እናቱ ከጋይንት ሲመጡለት አብረን ወሰድናቸው። እሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «እዚህ ድረስ ነድቼ ደግሞ በእግሬ? ቀን ከሌት ነዳጅ ስረግጥ መዋሌ አይበቃም?» ማለት ጀመረ። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ቀድመውናል። ሳንቃውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉና «ይኼ ሁሉ ለእግረኛ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ረግረጉ እንዳይረገጥ ነው።»

«እኛ ዘንድ ቢሆን ልጄ፣ በማግሥቱ የሰው በር ሆኖ ታገኘው ነበር።»

ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ግን ያስገረማቸው ውሃው አይደለም። ክረምት ክረምት ወንዝ ገፍቶ፣ ማዕበል መልሶ ጠረፉ ላይ የከመረው ግንድ ነው፤ አንዳንዱ ተጋድሞ እንኳ ከሰው ቁመት ይበልጣል። «ይኼን ሁሉ ማገዶ ማን ጥሎት ሄደ?» አሉ። ባሕሩ ሲሞላ ያንን ግንድ እንደሚያነሣውና ሰው እንደሚገድል ነገርኋቸው። ልጃቸው በዚያው ሰዓት አንዱ ላይ ወጥቶ ፎቶ አንሡኝ ይላል። «አንተ ልጅ ውረድ! እኔ አንተን ቀብሬ ነው የምመለሰው?» ሲሉት እንደ ሕፃን ወረደ። የፓርኩ ሬንጀሮች ስንት ማስጠንቀቂያ ለጥፈው ያላወረዱት ሰው ነው።

እንግዲህ ይህን ጠረፍ የሚጠብቀው ባሕሩ ራሱ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ወደ ባሕር የሚገቡ የቋጥኝ አፍንጫዎች አሉ፤ ውሃው ሲሸሽ በሥራቸው ይታለፋል፣ ሲሞላ አይታለፍም፣ መሀል ላይ የተያዘ ሰው ወየውለት። ዛፍ ላይ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ካያችሁ በላይ በኩል መሻገሪያ አለ ማለት ነው። ከላ ፑሽ አጠገብ፣ ሰርድ ቢች ጫፍ ላይ ያለችው ቴይለር ፖይንት ደግሞ ባሕሩ የቱንም ያህል ቢሸሽ በሥሯ አታሳልፍም፤ በገመድና በመሰላል ገደሉን ወጥቶ ነው የሚታለፈው። ወዲያ ማዶ ስትወርዱ ጃይንትስ ግሬቭያርድ የተባሉት የድንጋይ ዓምዶች ከባሕሩ ውስጥ ቆመው ይጠብቋችኋል። ይህን የመሰለ እይታ በገመድ የመጣ ሰው እንጂ በመስኮት ያየ አያጣጥመውም። ስለዚህ፣ ቦታ ጠቋሚዎች ሆይ፣ የጂፒኤስ ነጥብ ከመላካችሁ በፊት የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰዓት ላኩ።

«እግሩን የሚያመውስ?» የምትሉኝ አላችሁ። አውራ ጎዳና 101 በካላሎክና በሩቢ ቢች አፋፍ ላይ ያልፋል፤ ከመኪና ወርዶ ጥቂት መራመድ ነው። ይበቃል።

በዚሁ ጠረፍ ወዳለችው ሺ ሺ ቢች (የአካባቢው ሰዎች «ሻይ ሻይ» ነው የሚሏት) የሚወስደው መንገድ የማካዎችን መሬት አቋርጦ ስለሚሄድ ፈቃድ ያስከፍላል፤ ኒያ ቤይ ከሚገኙ ሱቆች ይገዛል። «ተፈጥሮ እንዴት ይሸጣል?» ብሎ የሚከራከር የአገሬ ሰው አይቻለሁ። ማካዎች ከማንም ጋር መሬታቸው ላይ የመከራከር ልምድ አላቸው፣ ባትሞክሯቸው ይሻላል።

ኬፕ አላቫ ላይ ኦዜት የሚባል መንደራቸው ነበረ። ሽማግሌዎቻቸው ጭቃ ስለዋጠው መንደር ይተርኩ ነበር። በ1970 ክረምት ማዕበል አፋፉን ሲሸረሽረው፣ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተቀበሩት ቤቶች ብቅ አሉ። የጎሣው ሊቀ መንበር ኤድ ክላፕላንሁ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲውን አርኪዮሎጂስት ሪቻርድ ዶኸርቲን ጠሩ። 11 ዓመት ተቆፈረ፤ ጭቃውን በአካፋ ሳይሆን በቱቦ ውሃ እያጠቡ። እርጥቡ ጭቃ አየር ከልክሎ እንጨትና ቅርጫት ሳይበሰብስ አቆይቷል፤ ከ700 በላይ የባሕር ኦተር ጥርስ የተሰካበት፣ ከሴዳር የተቀረጸ የዓሣ ነባሪ ክንፍ ሳይቀር ወጣ። በጠቅላላው ከ55,000 በላይ ዕቃ ነው።

ማካዎች ታዲያ ዕቃችን ከመሬታችን አይወጣም አሉ። አልወጣም። በ1979 ኒያ ቤይ ላይ የራሳቸውን ሙዚየም ከፈቱ። እማማን እዚያ ስናስገባቸው ረጅሙን የዓሣ ነባሪ ጦር አይተው «ባለቤቱ የት አለ?» ብለው ጠየቁ፤ ትኬት የቆረጠችልን የማካ ልጅ «እኛ ነን» አለቻቸው።

የእኛዎቹ ዕቃዎች ግን በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ወጥተው፣ 11 ታቦታት እስከ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ለጎብኚ አይታዩ፣ ለባለቤቱ አይመለሱ። ከጠረፍ መንገድ ተነሥቼ መቅደላ መድረሴን አዘጋጁ አይወደውም፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ዓምድ ግን ለዚሁ ጠይቄዋለሁ፣ ከፈቀደ።