ስለ ቤተ ሰብ ጤና፤ የሚያንቀጠቅጠው ደዌና በአንጎል ውስጥ የሚገባው ሽቦ

በቤታችን ካሉት ሽማግሌዎች የአንዱ እጅ ሲንቀጠቀጥ፥ እርምጃው ሲያጥር፥ ፊቱም እንደ ተቈጣ ሰው ሲደርቅ ባየን ጊዜ፥ የእርጅና ነገር ነው ብለን ማለፍ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ይህ ብዙ ጊዜ ስም ያለው ደዌ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የሎንዶን ሐኪም የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ተመልክቶ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ስለ ጻፈበት፥ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። መንሥኤውም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ቅመም የሚሠሩት ሕዋሳት እየሞቱ መሄዳቸው ነው።

ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት ብዙ በሽተኞችን ረድቷል። ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ኃይሉ በአንድ ቀን ውስጥ እየመጣ ይሄዳል፤ ሰውነትንም ያለ ፈቃድ ያወራጫል። በ1987 ዓ.ም. ግሬኖብል በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ፕሮፌሰር ቤናቢድና ፕሮፌሰር ፖላክ ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ጥልቅ ስፍራ አግብተው ኤሌክትሪክ ቢሰዱበት መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሽቦውን ከባቄላ ፍሬ ወደማይበልጥ ሌላ ስፍራ አግብተው የእጅ እግሩ መተሳሰርና መዘግየትም እንደሚቀል አዩ። ሽቦው በቆዳ ሥር በአንገት በኩል ወርዶ፥ ከደረት በላይ ከተቀበረ ትንሽ መሣሪያ ጋር ይገናኛል፤ መሣሪያውም በሰከንድ 130 ጊዜ ያህል ኤሌክትሪክ ይልካል። ደዌውን አያድንም፤ ምልክቱን ያቀላል እንጂ።

እንግዲህ ልጆች ርስት ሸጠው አባታቸውን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ሲመክሩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ከተደረገለት መውደቁን ይተዋልን? መልሱ ብዙውን ጊዜ የሚያስደስት አይደለም። ሐኪሞች አስቀድመው በሽተኛውን መድኃኒት አስተውተው ያድሩና ጧት ይመረምሩታል፤ ቀጥሎም መድኃኒቱን አጠጥተው እንደ ገና ይመረምሩታል። መድኃኒቱ የሚያቀናውን ሽቦው ያቀናዋል፤ መድኃኒቱ የማያቀናውን ግን ሽቦውም በአብዛኛው አያቀናውም። መንቀጥቀጥ ብቻ ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ መድኃኒትን እምቢ ያለ መንቀጥቀጥ ለሽቦ ሊታዘዝ ይችላልና። ስለዚህ መድኃኒቱ በደኅና በሚሠራበት ሰዓት እንኳ የሚወድቅ ሰው ከዚህ ሥራ ብዙ ተስፋ ሊያደርግ አይገባውም። ሚዛንን የሚጠብቁት በዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት ብቻ ስላልሆኑ፥ ደዌውም እነዚያን ሌሎቹን ስለሚነካ ነው። በ2005 ዓ.ም. ሽቦውን በአንጎል ግንድ ውስጥ ወዳለ ሌላ ስፍራ ማግባት ተሞክሮ ነበር፤ ለአንዳንዱ ጠቅሞ ለሌላው አልጠቀመም።

ከሁሉ ይልቅ ቤተ ሰብ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ሽቦው እግሩን ሲፈታለት ሰውየው እንደ ጐልማሳ ፈጥኖ ይነሣል፤ ሚዛኑ ግን እንደ ድሮው ደካማ ስለ ሆነ ከቀድሞው ይልቅ ይወድቃል። ዘመዶቹ በደስታ ተዘናግተው ሳለ ነው ይህ የሚሆነው። መውደቁ ቢጨምር መሣሪያው ያለ ቀዶ ሕክምና ከውጭ ሊስተካከል ስለሚችል፥ ሳይዘገይ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ሰውነትን ማሠልጠን ሚዛንን እንደሚረዳ ግን በሚገባ ተመስክሯል። በ2012 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት 195 በሽተኞች በተካፈሉበት ምርመራ፥ ታይ ቺ የሚባለውን የቻይና ዝግተኛ እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀን ለ24 ሳምንት የተማሩት፥ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከተማሩት ይልቅ ሚዛናቸው ጸንቶ መውደቃቸው አነሰ።

በቤት ውስጥም ጠርዙ የተነሣ ስጋጃ ከመንገዱ ይነሣ፤ ሌሊት መብራት አይጥፋ፤ የጋቢው ጫፍ መሬት አይጐተት። ሲዞር በአንድ እግሩ ላይ አይሽከርከር፥ ሰፋ አድርጎ ይዙር እንጂ። በሁለት እጁ ዕቃ አይያዝ። በደጃፍ ላይ እግሩ ከመሬት እንደ ተጣበቀ ሆኖ ቢቆም ክንዱን ይዞ መሳብ ይጥለዋል፤ ከጎኑ ቆሞ አንድ፥ ሁለት እያሉ መቍጠር፥ ወይም ከፊቱ መስመር አሳይቶ ይህን ተሻገር ማለት ብዙ ጊዜ እግሩን ያስነሣዋል።