እሹሩሩና አሮሮ፤ ሕፃናትን በጨዋታና በዜማ የስፓኝ ቋንቋ ስለ ማለማመድ



በአሜሪካ አገር፣ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ደብዳቤ ልከውልናል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጃቸው፣ እናትና አባቱ ወደ ሥራ በሚሄዱበት ጊዜ የሚውለው ከኤል ሳልቫዶር አገር በመጡ ሞግዚት ዘንድ ነው። አንድ ቀን ማታ ልጁ ሲሮጥ ወደቀና ጉልበቱ ተላጠ። እያለቀሰም ወደ እናቱ መጥቶ «ሳና፣ ሳና» እያለ ጉልበቱን አሳያቸው። እናቲቱ ውኃ የጠየቀ መስሏቸው ውኃ ቢሰጡት ብርጭቆውን ገፍቶ ይብሱን አለቀሰ። «ልጄ በማላውቀው ቋንቋ አለቀሰብኝ» ይላሉ እኒህ እናት፤ «ሞግዚቷ በዚህ ቋንቋ እንዳያናግሩት ልከልክል? ወይስ ነገ ይጠቅመዋል ብዬ ልተወው?»

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለ ሆነ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚሁ ሰጥተነዋል። ከሁሉ አስቀድመን ግን የልጁን ቃል እንፍታው። «ሳና» ማለት «ዳን» ማለት ነው። በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ሕፃን ወድቆ ሲያለቅስ እናት ወይም አያት የተመታውን ስፍራ በእጃቸው እያሻሹ በዚህ ቃል የምትጀምር አጭር ግጥም ይሉለታል፤ በግጥሚቱም ውስጥ የእንቁራሪት ጅራት ትጠራለች። እንቁራሪት አድጋ ጅራት እንደሌላት ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ሕፃኑ ስለ ጅራቷ ሲያስብ ሕመሙን ይረሳል። እንግዲህ ልጁ የፈለገው ውኃ ሳይሆን መታሸትና መባበል ነበር።

የስፓኝ ቋንቋ፣ በዛሬው አጠራር ስፓኒሽ፣ ከእስፓንያ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ ዛሬ በሃያ ያህል አገሮች የመንግሥት ሥራ የሚካሄድበት ቋንቋ ነው። በእኛ በአፍሪካም ኢኳቶሪያል ጊኒ ትናገረዋለች። በአሜሪካ ከአርባ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በቤቱ ይነጋገርበታል። ስለዚህ በዚያ አገር የሚያድግ ልጅ ይህን ቋንቋ በመንገድ፣ በገበያና በትምህርት ቤት ማግኘቱ አይቀርም። ጥያቄው ያገኘዋል ወይስ አያገኘውም ሳይሆን እንዴት አድርጎ ያገኘዋል የሚለው ነው።

የሕፃን ጆሮ ከትልቅ ሰው ጆሮ ይልቅ ሰፊ ነው። ጃኔት ዎርከር የተባሉ የካናዳ ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም ባሳተሙት ጥናት (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የስድስት ወር ሕፃን በቤቱ የማይነገረውን የባዕድ ቋንቋ ድምፅ እንኳ ለይቶ ይሰማል፤ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ግን ጆሮው ወደ ቤቱ ቋንቋ እየጠበበ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ይህ ማለት ከዓመት በኋላ በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ቶሎ የሰማው በቀላሉ ይይዛል ማለት እንጂ።

ነገር ግን መስማት ሁሉ አንድ አይደለም። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ በ2003 ዓ.ም ያወጡት ሌላ ጥናት አለ። ዘጠኝ ወር የሆናቸውን የአሜሪካ ሕፃናት በሦስት ወገን ከፍለው የቻይና ቋንቋ አሰሟቸው። ለአንደኛው ወገን የቋንቋው ባለቤቶች ምንጣፍ ላይ አብረው ተቀምጠው መጽሐፍ እያነበቡና በአሻንጉሊት እያጫወቱ በ12 ጊዜ ተናገሩላቸው። ለሁለተኛው ወገን ያው ሰውና ያው ንግግር በቴሌቪዥን መስኮት ታየ፤ ለሦስተኛው ደግሞ ድምፁ ብቻ ተሰማ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቋንቋውን ድምፅ ለይተው ያዙ፤ ከመስኮትና ከድምፅ ማሰሚያ የሰሙት ግን ምንም አልያዙም። ስለዚህ ልጁን በእጅ ስልክ ፊት አስቀምጦ «ስፓኒሽ ይማራል» ማለት ራስን መደለል ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 ዓ.ም ባወጣው ምክር ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዲህ ያለው መስኮት እንደማይገባው፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ አስታውቋል።

ዜማስ ለምን ይጠቅማል? እኛ ፊደል የቆጠርነው በዜማ ነው። የኔታ ፊት ተቀምጠን በአንድ ድምፅ እየተቀባበልን ስንል፣ ትርጓሜውን ሳንጠይቅ ቃሉ በአንደበታችን ላይ አደረ፤ ትርጓሜው በኋላ ሲመጣ ቤቱን ተሠርቶ አገኘው። ዜማ ቃልን ከቃል ይለያል፤ የቱ እንደሚጠብቅና የቱ እንደሚላላ፣ ነገሩ የት እንደሚያርፍ ያሳያል። ደግሞም ልጅ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ቢሰማ አይሰለችም፤ በንግግር መቶ ጊዜ መድገም ያስቸግራል፣ በዘፈን ግን ደስ ያሰኛል።

አማርኛ በሚነገርበት ቤት ያደገ ልጅ ለዚህ ቋንቋ እንግዳ አይደለም። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ድምፆች ብቻ አሉት፤ እነርሱም አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ ናቸው። አምስቱንም በእኛ ሰባት ውስጥ እናገኛቸዋለን። ሌላው ሰው የሚቸገርበት «ኝ» ለእኛ የቤታችን ፊደል ነው፤ ሕፃኑን «ኒኞ»፣ ወተቱን «ሌቼ» ሲሉ አፋችን አይደናቀፍም። በዚያ ቋንቋ «ረ» ሲላላ «ፔሮ» «ግን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅና ምላስ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ «ውሻ» ማለት ይሆናል። እኛም በዓሉን ገናንና «ጊዜው ገና ነው» የምንለውን በማጥበቅና በማላላት እንለያለን። እንደ እኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ይለያሉ። እኛ «እማዬ፣ ልጅዬ» እያልን ቃሉን እንደምናቆላምጥ፣ እነርሱም ድመቱን «ጋቶ» ብለው ሲያቆላምጡት «ጋቲቶ» ይሉታል።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ እንግባ። በእስፓንያ «አምስቱ ትንንሽ ተኩላዎች» የምትባል የእጅ ጨዋታ አለች። እናት አምስት ጣቶቿን ዘርግታ እጇን ወዲያና ወዲህ እያዞረች ትዘፍናለች፤ ገና ያልተናገረው ሕፃን በአፉ ባይመልስም በእጁ ይመልሳል። በሜክሲኮ ደግሞ «ቶርቲያ» የተባለውን የበቆሎ ቂጣ በመዳፍ እያጨበጨቡ እንደሚጋግሩት አድርገው ሕፃኑን ያስጨበጭቡታል። ሌላይቱ የመጋዝ ጨዋታ ናት፤ ልጁን ጉልበት ላይ አስቀምጠው ሁለት እጁን ይዘው እንጨት እንደሚሰነጥቁ ወደ ኋላና ወደ ፊት ያወዛውዙታል። ቁጥር ለማስቆጠር በሸረሪት ድር ላይ እየተወዛወዙ አንድ አንድ የሚጨመሩት ዝሆኖች ዘፈን አለ። የእንስሳትንም ድምፅ ማስመሰል ለልጅ ታላቅ ደስታ ነው፤ የእኛ ዶሮ «ኩኩሉ» ሲል የእነርሱ «ኪኪሪኪ» ይላል፤ ውሻቸው «ጓው»፣ ጫጩታቸው «ፒዮ» ትላለች።

ስለ ጫጩቶቹ ካነሣን ዘንድ፣ በስፓኝ ቋንቋ ዓለም ሁሉ የታወቀውን የጫጩቶች መዝሙር የጻፈው በቺሊ አገር መምህር የነበረው ኢስማኤል ፓራጌስ ነው፤ በ1907 ዓ.ም በሕፃናት የግጥም መጽሐፉ ውስጥ አወጣው። ጫጩቶቹ ሲርባቸውና ሲበርዳቸው ይጮኻሉ፤ እናታቸው ዶሮ በቆሎና ስንዴ ፈልጋ ታጎርሳቸዋለች፤ በክንፏም ሥር ታሞቃቸዋለች። ልጁ በዚህ አንድ መዝሙር ረኃብን፣ ብርድን፣ እህልንና እናትን በስማቸው ያውቃል። በሜክሲኮም ፍራንሲስኮ ጋቢሎንዶ ሶሌር የተባለው ባለ ዜማ ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ «ክሪ ክሪ» በተባለ የፌንጣ ስም በራዲዮ እየዘፈነ የብዙ ትውልድ ልጆችን አሳድጓል።

እኛም በዚህ ነገር ያጠፋነው ጥፋት አለ። ማስተማር በጀመርንበት ዓመት በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚነገር አንድ ትንሽ ልጅ ወደ ክፍላችን መጣ። እኛም ወጣትነት ይዞን በጓደኞቹ ፊት አቁመን «በአማርኛ ተናገር!» እያልን አስጨነቅነው። ልጁ ዝም አለ፤ ከመስከረም እስከ ጥምቀት ድረስ በክፍል ውስጥ ድምፁን አልሰማንም፤ ደደብ ነው ብለንም ፈረድንበት። አንድ ቀን ልጆቹ በሜዳ አኩኩሉ ሲጫወቱ በመስኮት ሳለን፣ ዓይኑን ሸፍኖ «ነጋ ወይ?» እያለ በጠራ አማርኛ የሚጣራው ያው ልጅ ሆኖ አገኘነው። ያገኛቸውንም ጓደኞቹን በየስማቸው እየጠራ ይከራከራቸው ነበር። አፉን የዘጋነው እኛ ነበርን፤ የከፈተለት ጨዋታው ነው። ያን ቀን ያፈርነውን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

1ኛ፤ ጊዜው አጭርና የታወቀ ይሁን። ሲታጠብ አንዲት ዘፈን፣ ጫማ ሲያደርግ አንዲት፣ ሲተኛ አንዲት ይበቃል። ዘፈኗ ሁልጊዜ ከዚያው ሥራ ጋር ትሁን።

2ኛ፤ ቃል ያለ እጅ አይሰጥ። «ማኖ» ስንል እጁን እንያዝ፤ «አጉዋ» ስንል ውኃውን እናፍስስ፤ «አሪባ» ስንል ወደ ላይ እናንሣው።

3ኛ፤ ልጁን አንፈትነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህ በስፓኒሽ ምን ይባላል?» እያልን ብናስጨንቀው እንደዚያ እንደ እኛ ተማሪ ዝም ይላል። ብዙ ሕፃናት ለወራት ሲሰሙ ቆይተው በኋላ ይናገራሉ፤ ዝምታው ስንፍና አይደለም።

4ኛ፤ ቋንቋው ከሚያውቀው ሰው ይምጣ። ወላጅ ባያውቅ አብሮ ይማር፤ ልጅም አባቱ ሲሳሳት አይቶ ሲስቅ የራሱን ስሕተት አይፈራም።

እንዲህ ያለው ሥራ ፍሬ እንደሚሰጥ በማድሪድ ከተማ ታይቷል። በ2017 ዓ.ም በታተመ ጥናት በመንግሥት የሕፃናት ማቆያዎች ውስጥ ከ7 ወር እስከ 33 ወር የሆኑ ልጆች በቀን አንድ ሰዓት፣ ለ18 ሳምንት፣ በጨዋታና በለዘብታ ንግግር እንግሊዝኛ ተለማመዱ፤ በፍጻሜውም በተለመደው መንገድ ከተማሩት እጅግ በልጠው ተገኙ። ቋንቋው ስፓኒሽ ሳይሆን እንግሊዝኛ ቢሆንም መንገዱ አንድ ነው።

እናት ሆይ፤ ልጅዎ አማርኛን ይረሳል ብለው መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሁለተኛው ቋንቋ አይመጣም። በማያሚ ከተማ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ አብረው የሚሰሙ ከ8 እስከ 30 ወር የሆኑ ሕፃናት ተመርምረው በ1993 ዓ.ም በወጣው ጥናት፣ የሁለቱም ቋንቋ ቃላቸው ተደምሮ ሲቆጠር አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚሰሙት አላነሰም። ልጁ «ሌቼ ስጪኝ» ብሎ ቢቀላቅል ተደናገረ አይባልም፤ ከሁለት ማሰሮ ይቀዳል እንጂ። አማርኛ የሚጠፋው ስፓኒሽ ስለ ተዘፈነ ሳይሆን አማርኛ ሳይዘፈን ሲቀር ነው። በቤትዎ ለልጁ በአማርኛ ዘፈን የሚያሰማው ማን ነው? መልሱ ማንም ካልሆነ፣ ሞግዚቷን መከልከል ጎዶሎውን አይሞላውም።

ስለ ሞግዚቷም አንድ ቃል አለን። የእስፓንያው ባለ ቅኔ ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በ1928 ዓ.ም በማድሪድ ስለ እሹሩሩ ዜማ ባደረገው ንግግር፣ የባለ ጸጋ ልጆች የሕዝቡን ዘፈን ያገኙት ከድኻ ሞግዚቶችና ከቤት ሠራተኞች መሆኑን አመስግኖ ተናግሯል። የእርስዎም ልጅ ያገኘው ስጦታ ከዚህ ወገን ነው። የራሳቸውን አገር ትተው የሰው ልጅ የሚያሳድጉ ሴት በልጅነታቸው የሰሙትን ለልጅዎ ሰጥተውታል። በስማቸው ጠርተው፣ ቡና አፍልተው፣ «ለልጄ የሚዘፍኑለትን ለእኔም ያስተምሩኝ» ቢሏቸው ክብር ነው። የእርስዎንም እሹሩሩ ያስተምሯቸው። በስፓኝ ቋንቋ ሕፃን ሲያስተኙ «አሮሮ» ይላሉ፤ ከእኛ «እሹሩሩ» ጋር በጆሮ እንዴት እንደሚቀራረብ ሁለታችሁም ሰምታችሁ ትስቃላችሁ።

ልጁም ዳግመኛ ወድቆ ሲመጣ፣ አስቀድመው እናቶቻችን እንደሚሉት «እኔን! እኔን ልጄን!» ይበሉት፤ ከዚያም ጉልበቱን እያሹ «ሳና፣ ሳና» ይጨምሩለት። ያን ጊዜ በሁለቱም ቋንቋ የሚያባብለው አያጣም።