«ውሻ ያዙ!» እስከ መቼ?

እኛ አገር ውሻ ያለው ሙያ ሁለት ብቻ ነው። ቀን መታሰር፣ ሌሊት መጮኽ። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ መራዊ ገጠሩን ብትዞሩ ሰው ደጅ ከመድረሳችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ማለት ግዴታችሁ ነው። «እንደምን ዋላችሁ» የሚመጣው ውሻው ከተያዘ በኋላ ነው። ለገጠሩ ያስኬዳል እንበል። ጅብ አለ፣ ሌባ አለ፣ በረት አለ፣ ቤትና ቤቱም የተራራቀ ነው። እኛን የሚያናድደን ይኸው ሕግ እንዳለ ተጭኖ ከተማ መግባቱ ነው።

መራዊን እንውሰድ። አውራ ጎዳናው መሐሏን ሰንጥቆ ወደ ባሕር ዳር ያልፋል። ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ከቆጋ መስኖ ድንችና ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣው ጋሪ፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው ሁሉ የሚተላለፈው በዚያው ነው። ግቢና ግቢው በቆርቆሮ አጥር ተጣብቋል። በሩ ላይ ግን ያው ጽሑፍ፦ «ኃይለኛ ውሻ አለ»። ባለቤቱ «ኃይለኛ» የምትለዋን ቃል እንደ ዲግሪ ነው የሚኮራባት። ከበሩ ጀርባ ያለው ምስኪን ደግሞ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከሁለት ሜትር ገመድ ርቆ አያውቅም። ክፉ እንዲሆን ተብሎ ጆሮው ተቆርጧል። ሰው የሚያየው በአጥሩ ቀዳዳ ነው፤ የሚያየውም ሰው ብዙውን ጊዜ ድንጋይ የያዘ ልጅ ነው።

እንግዲህ ይህ ውሻ አንድ ቀን ገመዱን በጥሶ ይወጣል፤ መውጣቱም አይቀርም። የሚወጣው ደግሞ ገበያው ደምቆ በዋለበት ቀን ሊሆን ይችላል። ጃንጥላ አይቶ አያውቅም። የባጃጅ ጡሩምባ ከዚህ ቅርበት ሰምቶ አያውቅም። ሸንኮራ እየጎተተ የሚሮጥ ሕፃን፣ መቋሚያ የያዙ ቄስ፣ ሁሉም ለእሱ የሚመጣበት ጠላት ነው። ሲነክስ «ክፉ ውሻ» እንላለን። ክፉ አይደለም ጎበዝ፣ በፍርሃት አብዷል! እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የዴንቨር ከተማን ነካሽ ውሾች ነክሰው ከማያውቁት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ነካሾቹ ታስረው የሚውሉ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል 2.8 እጥፍ ነበር። ገመዱ ከንክሻ ይጠብቀናል ብለን የምናስር ሰዎች ይህን ቁጥር ጽፈን ግድግዳ ላይ ብንሰቅለው ጥሩ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና በልጅነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ስኮትና ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውሾች ጠባይ ላይ ለዓመታት የሠሩትን ሥራ በመጽሐፍ አወጡ። ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምድበት መስኮት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ክፍት ነው፤ ከዚያ እየጠበበ ይሄዳል። ከዚያ በፊት በ1961 በወጣ ሌላ ጥናት እስከ 14ኛ ሳምንታቸው ከሰው ተለይተው ያደጉ ቡችሎች ሰው የማያስጠጉ እንደ ዱር አውሬ ያሉ ሆነው ነበር። እኛ ቤት በነዚያ ሳምንታት ቡችላው የት ነው? ማድ ቤት ጀርባ፣ ጆንያ ላይ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ትውልድ እንምጣ። የገጠር አባቶቻችንን ብቻ ብንወቅስ ነውር ነው። በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ከቴሌግራም ላይ «ጀርመን ሸፐርድ ንጹሕ ዘር» ገዝቶ ስምንት ወር ግቢ ውስጥ ቆልፎበት፣ አንድ እሑድ ፀጉሩን አበጥሮ በቀጥታ ሰው የሚተራመስበት መንገድ ላይ የሚጎትተው ወጣት በዝቷል። «ሶሻላይዝ እያደረግሁት ነው» ይላችኋል። ውሻው ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ወሽቆ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ ከንፈሩን እየላሰ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ፎቶ ይነሳል። ዋና የማያውቅ ሰው ጣና ላይ ወርውሮ «ዋና አስተማርኩት» እንደማለት ነው። ከዚያ የሰው ልጅ ሲነከስ ደግሞ «ደግሞ ነክሶ አያውቅም ነበር» ይላል። ውሻው ከመናከሱ በፊት በገላው ሁሉ ሲለምን ነበርኮ!

እኛ ቡላን ሰው ያላመድናት እንዲህ አልነበረም። ክትባቷን ገና ስላልጨረሰች መሬት አላስረገጥናትም። በዘንቢል ይዘናት ከመናኸሪያው ማዶ፣ ጫጫታው ይሰማል ግን አይደርስም በሚባል ቦታ ቆምን። ዐሥር ደቂቃ ብቻ። አይታ ዝም ስትል ቁራሽ ዳቦ፣ ስትፈራ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ። በሚቀጥለው ቀን ሌላ ዐሥር ደቂቃ። ይኸው ነው፤ ፈረንጅ አያስፈልገውም፣ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መሳቅን የሚችል ሆድ ነው። «ልጅ መውለዱ አቅቷችሁ ነው ውሻ በዘንቢል?» ተብለናል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «እናንተ ልጆች፣ ሌባ ሲመጣ ሻይ ልታፈላለት ነው?» አሉን። (ጃንሆይ ትንሿን ሉሉን ይዘው ሕዝብ ፊት ሲወጡ ግን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ያለ አይመስለንም!) ለጎረቤታችን የመለስንላቸውን እዚህም እንድገመው። ለመንገደኛው ሁሉ ሲጮኽ የሚያድር ውሻ ሌባ ሲመጣ ቢጮኽ ማን ይነሳል? ቡላ ስትጮኽ ግን እኛ እንነሳለን።

አንድ ነገር እንለይ። ማላመድ ማለት ሰውን በግድ ውሻ ማስወደድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውሻ አይገባም፤ ይህን ልንከራከር አልመጣንም። ሙስሊም ጎረቤታችን ምራቁ ልብሳቸውን እንዳይነካ ገለል ቢሉ ገመዱን ማሳጠር የእኛ ሥራ ነው። የፈራ ልጅ «አይዞህ፣ አይነክስህም፣ ንካው!» አይባልም። የሰለጠነ ውሻ የሚባለው ሰውን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነው፤ ሰው ላይ የሚንጠለጠለውማ ገና ብዙ ይቀረዋል።

«ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ውሻ ታወራላችሁ?» የሚለን አለ። ጥያቄውን አንንቀውም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. መራዊ ውስጥ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መግለጹን የምንረሳ ሰዎች አይደለንም። ከዚያ ሐዘን ጋር የሚወዳደር ነገር ይዘን አልመጣንም። ነገር ግን መንገድ ሲዘጋ መድኃኒትም ይዘገያል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞት ነው ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ክትባቱን ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን ልጅ ካዳነበት ከ1885 ጀምሮ እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለውን ተቋም ሕዝቡ ዛሬም «ፓስተር» ነው የሚለው። ሆኖም የተነከሰ ልጅ ይዞ መጀመሪያ ወደ ሥር ማሽ ቤት የሚሮጥ ወላጅ ዛሬም አለ። ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። የቀረው ሁሉ በኋላ ይደርሳል።

የከተማ አስተዳደሮችስ? መላ ሲጠፋ የሚያውቁት መርዝ ነው። ሥጋ ውስጥ መርዝ ከትቶ ሌሊት መበተን፣ ጠዋት ሬሳ መልቀም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ውሻ መፍጀት በሽታውን እንደማይገታ፣ የሚገታው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ እንደሆነ ሲናገር ኖሯል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባል ነበር፤ እዚህ ተገልብጦ ማዘጋጃ ቤት በቀደደው ያልተከተበ ውሻ ይገባል። ሰፈሩን የለመደው፣ ምናልባትም የተከተበው ሲሞት ቦታውን የሚይዘው ከየትም የመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው መታሰሩና መርዙ የሚገናኙት። ገመድ ይዞ መሄድ ያልተማረ ውሻ ክትባት ቦታ እንዴት ይደርሳል? ዐራት ሰው ይዞት፣ አፉን በገመድ ጠፍሮ? ባለቤቱም ይህን አስቦ ይተወዋል። ሰው የለመደ ውሻ ግን በእግሩ ሄዶ ይከተባል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በየዓመቱ መስከረም 18 ገደማ ይውላል። የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቻችን በዚያ ቀን ገበያ ዳር ጠረጴዛ ቢዘረጉ እኛ ቡላን ይዘን ወረፋ እንቆማለን፤ የሚስቅም ይሳቅ። እስከዚያው «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብላችሁ የለጠፋችሁ ሁሉ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ «ተከትቧል» ወይም «አልተከተበም»። ጠዋት በበራችሁ ስር እያለፈ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ማንበብ ይችላል።