ስኮርታ የሌለው መኪና ሲሸጥልን ለምን እናጨበጭባለን?



ባለፈው ሳምንት «ስኮርታ የሌለው መኪና የገዛ ሰው ግማሽ መኪና ነው የገዛው» ብዬ አንዲት መስመር ብለጥፍ የመጣብኝ የመልስ ዶፍ ስለ ፖለቲካ ስጽፍ እንኳ መጥቶብኝ አያውቅም። አንዱ «ጋሼ ዘመኑ አልፎብዎታል» አለኝ። ሌላው «ስፖርት መኪና ላይ ስኮርታ መጫን ሱፍ ለብሶ ፌስታል እንደማንጠልጠል ነው» አለ። ሦስተኛው «ደውዬ አስጎትታለሁ፣ ምን አስጨነቀህ?» ብሎ ዘጋው። ለሦስቱም በየተራ እመልሳለሁ። ረጅም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። እየነዳችሁ ግን እንዳታነቡ።

እዚህ ዲሲ አካባቢ ወጣቶቻችን የሚሞቱላትን መኪና እንውሰድ፤ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር። በ2017 አሜሪካ መሸጥ ስትጀምር 306 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚቀየር ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ፣ ፊት ላይ 350 ሚሊሜትር የፍሬን ዲስክ ይዛ ነው የመጣች። ግሩም መኪና ናት፣ አልክድም። የኋላ ኮፈኗን ስትከፍቱ ግን ስኮርታ የለም። በምትኩ አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መንፊያ ተቀምጧል። እሷ ብቻ አይደለችም። ትሪፕል ኤ በ2015 ባወጣው ጥናት ከዚያ ዓመት ሞዴሎች 36 በመቶው ያለ ስኮርታ የሚሸጡ ነበሩ፤ በ2006 ግን 5 በመቶ ብቻ። ስለዚህ ነገሩ የስፖርት መኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለሥራ የምንነዳቸው ብዙ ሃይብሪዶችና የኤሌክትሪክ መኪኖችም ውስጥ ገብቷል።

ለምን አወጡት? ክብደት ሲቀንስ በወረቀት ላይ የነዳጅ ፍጆታው ያምራል። በሺዎች ለሚቆጠሩ መኪኖች አንድ ጎማ፣ አንድ ቸርኬና አንድ ክሪክ ሲቀር ፋብሪካው ይቆጥባል። ለባትሪና ለማርሚታ ቦታ ይገኛል። ይህ ሁሉ ለእነሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስኮርታ እንዲኖር የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ስለሌለ ማንም አይጠይቃቸውም። የሚያናድደኝ ማውጣታቸው ሳይሆን ጉድለቱን «ቀላልና ፈጣን» ብለው ሲሸጡልን እኛም ተቀብለን እርስ በርስ መሰባበካችን ነው።

እስቲ ክብደቱን እናስላ። ትንሿ ስኮርታ ከክሪኳ ጋር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ናት። መኪናዋ ወደ 1,400 ኪሎ ትመዝናለች። መቶኛውን ስታወጡት አንድ ከምናምን ነው። ወንድሜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደህ በአንድ ክረምት በክትፎ የጨመርከው ከዚህ ይበልጣል! የሩጫ ሜዳ ስትሄድ አውርዳት፣ ማንም አልከለከለህም። ቤልትዌይ ላይ ትራፊክ ውስጥ ቆመህ ስለ 15 ኪሎ ማውራት ግን ቀልድ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ማጣበቂያው የሚሠራው ቀዳዳው መርገጫው ላይ ሲሆንና ትንሽ ሲሆን ነው፤ የምስማር ቀዳዳ፣ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል። የጎማው ጎን ከተቀደደ ምንም አይፈይድም። የ2017ቷ ታይፕ አር ጎማ ደግሞ 245/30 የ20 ኢንች ነው። ይህ ማለት የጎኑ ቁመት የ245 ሚሊሜትር 30 በመቶ፣ ማለትም 73.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከመዳፋችሁ ስፋት የማይበልጥ። በረዶው ቀልጦ መልሶ ሲረጋ፣ በየካቲትና በመጋቢት የሚፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬውና አስፋልቱ ጎማውን መሀል ላይ እንደ መቀስ ነው የሚቆርጡት። ስለዚህ ፋብሪካው ጎኑ ቶሎ የሚቀደድ ጎማ ሰጥቶህ፣ ጎን የማይጠግን መድኃኒት አብሮ ሰጠህ። ይህን ነው «ዘመኑ» የምትሉኝ? ፈሳሹም ቀን አለው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይበላሻል። ስንቶቻችሁ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ሳይነፍስ የሚሄድ ጎማ አለ» ያላችሁኝም አላችሁ። አዎ፣ ራንፍላት ለብዙዎቹ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ጎኑ ከተቀደደ ግን እሱም አያድንም። ታይፕ አር ደግሞ ራንፍላት ይዛ አልመጣችም።

«ደውዬ አስጎትታለሁ» ለሚለው፦ ደውል፣ አልከለክልህም። ግን እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሪችመንድና ፍሬድሪክስበርግ መካከል፣ አይ 95 ላይ፣ ሚስትህና ሕፃን ልጅህ መኪና ውስጥ ሆነው ጎታቹን ስትጠብቅ ምን እንደሚሰማ አስብ። ከባድ መኪናዎች በአጠገብህ ሲያልፉ መኪናህ ትናወጣለች። ለቆመ መኪና መስመር መቀየር ወይም ፍጥነት መቀነስ የሚያስገድድ ሕግ በብዙ ግዛቶች አለ፤ ስልኩን እያየ የሚነዳው ሰው ግን ሕጉን አያነብም። ጎታቹ ቢመጣም ጎማ ቤቱ የሚከፈተው ጠዋት ነው፤ እንደ 245/30 ዓይነት ጎማ ደግሞ በየሱቁ አይቀመጥም። ከእኛ ውስጥ በታክሲ የሚተዳደር ሰው ደግሞ አንድ ቀን ሲቆም የቤት ኪራዩ አብሮ አይቆምለትም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ስኮርታ አለኝ ብላችሁ ጠባብ ሾልደር ላይ ተንበርክካችሁ ጎማ አትቀይሩ። አደጋ መብራት አብርታችሁ፣ በቀስታ እየተንፏቀቃችሁም ቢሆን እስከ ኤግዚቱ ውጡ። ቸርኬ ቢበላሽ ይተካል፣ ሰው ግን አይተካም። የስኮርታ ጥቅሙ ከመንገዱ ወጥታችሁ ብርሃን ያለበት ቦታ ስትደርሱ ነው፤ በ20 ደቂቃ ቀይራችሁ ወደ ቤት ትገባላችሁ።

«እሺ፣ ግን ለእሷ የሚሆን ስኮርታ የለም» ያላችሁትን ደግሞ በአምስት ኪሎ ትምህርቴ ልመልስ። አለ፣ ግን መለካት ይፈልጋል። የተራ ሲቪክ ስኮርታ ገዝቶ መወርወር አይሆንም።

አንደኛ፣ የብሎኑ አቀማመጥ። ተራዋ ሲቪክ 5 በ114.3 ነው፣ ታይፕ አር 5 በ120። አይገጥምም። በግድ የሚያስገባ ካለ ከእሱ ራቁ።

ሁለተኛ፣ የሞዞው ቀዳዳ። የሆንዳ 64.1 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ከጠበበ አይገባም፣ ከሰፋ ቸርኬው መሀል አይቀመጥም፣ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛ፣ ፍሬኑ። ዲስኩ 350 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ 175 ነው፤ ካሊፐሩ ከዚያ በላይ ይወጣል። የ16 ኢንች ቸርኬ ግማሹ 203 ሚሊሜትር ነው። የብረቱን ውፍረትና ወደ ውስጥ የገባውን ቦይ ስትቀንሱ ለካሊፐሩ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ከ17 ኢንች ጀምራችሁ ፈልጉ፤ ገዝታችሁም ከሆነ ቤት ውስጥ ግጠሙና በእጃችሁ አዙራችሁ እዩ። ብረት ከብረት ሲነካ ድምፁን ትሰማላችሁ።

አራተኛ፣ ጠቅላላ ቁመቱ። የመኪናዋ ጎማ ከላይ እስከ ታች 655 ሚሊሜትር ነው። ቲ135/80 የ17 ኢንች ስኮርታ 648 ገደማ ይመጣል፤ ልዩነቱ 1 በመቶ። ቲ125/70 የ16 ኢንች ብትወስዱ 581 ነው፤ ልዩነቱ 11 በመቶ። ይህ ለምን ይጠቅማል? ታይፕ አር ፊት ለፊት የሚነዳ መኪና ነው፣ ዲፈረንሻሉም ሁለቱን ጎማ እኩል ለማስኬድ የሚታገል ዓይነት ነው። ግራና ቀኙ የተለያየ ቁመት ካላቸው ውስጡ ያለ ዕረፍት ይፋጫል። ስለዚህ ስኮርታዋ ሁልጊዜ ኋላ ትሁን። ፊት ያለው ጎማ ከተቀደደ የኋላውን ጥሩ ጎማ ወደ ፊት አምጡና ስኮርታዋን ኋላ ግጠሙ። ሁለት ጊዜ በክሪክ ማንሳት ነው፣ አዎ፤ የዲፈረንሻል ዋጋ ስታስቡ ግን ደስ ይላችኋል።

አምስተኛ፣ ዳዶው። የሆንዳ ፋብሪካ ዳዶ መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ገበያ ላይ ለሚሸጡ ብዙ ቸርኬዎች የሚሆነው ግን ሾጣጣ ነው። ክቡን ሾጣጣው ላይ ካሰራችሁት የጠበቀ ይመስላል፣ እየሄደ ይላላል። ለስኮርታው የሚሆነውን ዳዶ አብራችሁ ከጎማው ጋር አስቀምጡ።

ሌላው የሚረሳው ማሰሪያው ነው። ወለሉ ሥር ካልገባችላችሁ ከላይ አስቀምጧት፣ ግን በወፍራም ቀበቶ ከዕቃ ማሰሪያው ብረት ጋር ቀፍድዷት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ለሚቆም መኪና 15 ኪሎ ዕቃ ከ200 ኪሎ በላይ ጉልበት ይዞ ወደ ፊት ይመጣል። ልጅ የሚቀመጠው ደግሞ ኋላ ነው። አስሮ መጫን የማይፈልግ ሰው ባይጭን ይሻላል።

አየሯንም አትርሱ፤ ትንሿ ስኮርታ 60 ፒኤስአይ ነው የምትፈልገው፣ ከተራው ጎማ እጥፍ ያህል። በየወቅቱ ለኩት። ስትገጥሟት በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከ50 ማይል አትለፉ። 306 ፈረሱ ለዚያ ቀን ጋጣ ይግባ።

ይህ ሁሉ ስንት ይፈጃል? ከጃንክያርድ ያገለገለ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ቁልፍና ቀበቶ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ የስፖርት መኪና ጎማ ዋጋ በታች ነው። ያን ያህል ብር ለማርሚታ ድምፅ ሲሉ የሚያወጡ ልጆች አውቃለሁ።

ቃሉን ራሱ እዩት። ስኮርታ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ አጀብ ማለት ነው፤ ለመንገደኛ የሚታጀብ ጠባቂ። አገር ቤት ረጅም መንገድ የሚወጣ ሾፌር ሁለት አጀብ ይጭን ነበር፣ ጣርማ በር ላይ ደውሎ የሚጠራው ስለሌለ። እኛ ደግሞ ስልክ ስላገኘን አጀቡን አራግፈን፣ የራሳችንን ጎማ ራሳችን የመቀየር እውቀቱንም አብረን ጣልን። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ?

ዘመኑ አልፎብዎታል ያልከኝ ወንድሜ፣ አልተቀየምኩህም። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው። መኪናህን ይዘህ ና፣ ሜትሩንም ክሪኩንም እኔ አመጣለሁ፣ አብረን እንለካለን። የተቀራችሁትም ዛሬ ማታ የኋላ ኮፈናችሁን ከፍታችሁ ምን እንዳለ እዩና እዚህ ሥር ጻፉልኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሰላም ግቡ።