የኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን

የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን የቀረጸው «ሸሞንሟናዬ» ባንድ ያጣ ሰው ሥራ ነው ተብሎ ሊነቀፍ ይችላል። በእርግጥ ከበሮውን የሚመታው ማሽን ነው፤ እንደ ሰው እጅ ሙቀት የለውም። ይሁን እንጂ ዛሬ ደግመን ስናዳምጠው፣ ምቱ የማይለዋወጥ በመሆኑ አኮርዲዮኑ እንደ አዝማሪ ድምፅ ሲዘገይ፣ ሲቀድም፣ ሲያንጎራጉርም ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ የባንዱን አለመኖር እንደ ጉድለት መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም። ካሴቱን ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ያሳተመው አሜሪካዊ ነው። ለእኛ ግን እዚያው አጠገባችን ነበር! ኃይሉ ያን ጊዜ በዋሽንግተን የታክሲ ነጂ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣም ከመኪናው ኋላ ያኖረውን ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር።