ከስንቁ የቀረው ምክር

ሴት ልጃቸውን ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚልኩ ቻይናውያን ወላጆች ስንቋን ያሰናዳሉ፤ መምህሯን እንደ አባት እንድታከብርም አጥብቀው ይመክሯታል። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ይኸው መምህር በነውር ቃል ወይም በእጁ ቢዳፈራት ነገሩን በምን ስም ትጠራዋለች? ብትከስ ቪዛዋ ተሰርዞ ከአገሩ የምትባረር እየመሰላት ዝም ማለትን ትመርጥ ይሆናል።

ስሙ ራሱ ዘግይቶ የመጣ ነው። የቻይና ሕግ የጾታ ትንኮሳን በግልጥ የከለከለው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምንነቱን የዘረዘረው ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ይኸውም ያለ ፈቃድ በቃል፣ በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በአካል የሚፈጸመው ነው። በአሜሪካ ግን ታይትል ናይን የተባለው የ1972 ዓ.ም. ሕግ የውጭ አገር ተማሪንም ይጠብቃል፤ የመንግሥት ርዳታ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲም ይህን ጉዳይ የሚከታተል ሹም መሰየም ግዴታው ነው። የሹሙን ቢሮ ሳታውቅ የምትመረቅ ስንቷ ናት!

ሉዎ ሺሺ በቤይጂንግ ስትማር መምህሯ እንደ ተዳፈራት በይፋ የጻፈችው በ2018 ዓ.ም. አሜሪካ ተቀምጣ፣ የዚያን አገር ሴቶች ምስክርነት ከሰማች በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲውም መርምሮ ሰውየውን ከሥራው አነሣው። ዝም ብላ የቈየችው ወደ 12 ዓመት ያህል ነበር።