የሌስተር ዋንጫና የአሠልጣኙ ሽረት



የሌስተር ሲቲ ነገር በተነሣ ቁጥር የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ዕድል ነው» ይሉኛል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከመውረድ ለጥቂት የተረፈው ክለብ በ2016 በአሠልጣኝ ክላውዲዮ ራኒዬሪ እየተመራ ከ38 ግጥሚያ በ3ቱ ብቻ ተሸንፎ፤ በ81 ነጥብ የእንግሊዝን ፕሬሚየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። ይህን ያህል የሚዘልቅ ዕድል ከወዴት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ የመሐል ሜዳው ደጀን ንጎሎ ካንቴ ወደ ቼልሲ ተዛወረ። በ2017 የዋንጫው ባለቤት ቼልሲ ሆነ፤ ሌስተር ግን በዚያው የውድድር ዘመን እስከ 17ኛ ደረጃ አሽቆለቆለና ራኒዬሪ ዋንጫውን ከወሰደ 10 ወር ሳይሞላው ተሻረ። የሄደው ሰው ጉድለት በቀረው ሹም ላይ መታሰቡ ቆርቁሮኛል። እርግጥ ነው፤ ከሽረቱ በኋላ ቡድኑ ነፍስ ዘርቶ 12ኛ ሆኖ መፈጸሙን አልክድም። ቢሆንም ያ ሁሉ ውለታ የቀሩትን 13 ግጥሚያዎች እንኳ አያስታግሥም ነበርን?

አንድ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ